የማይታየው ምስማር

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት የሆንን ሰባት ወጣቶች በአጥቢያችን የሚኖሩ የአንዲት አረጋዊት እናት ቤት ማፍሰሱን ሰምተን ጣራውን ልንጠግን ሄድን። ቆርቆሮውንና ምስማሩን ምእመናን አዋጥተው ገዝተዋል፤ መዶሻውን እኛ ከየቤታችን ይዘን መጣን። ሥራው ከጠዋት ጀምሮ በመልካም ሁኔታ ሲካሄድ ውሎ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሰማዩ ስለ ጠቆረ መቸኮል ያዝን። በዚህን ጊዜ በጣራው አናት ላይ፣ ሌላ ቆርቆሮ ተደርቦ በሚሸፍነው በኩል፣ ምስማሩን አንድ እየመታን ሁለት እየዘለልን አለፍን። ማንም አያየውምና። እማማ ከታች ሆነው «ልጆቼ፣ ጨረሳችሁ?» ብለው ሲጠይቁን «አዎ እማማ፣ ጨርሰናል» ብለን መለስን። እሳቸውም መርቀውን ቡና አፈሉልን።

በሚቀጥለው እሑድ በውይይት ሰዓታችን ከመካከላችን አንዱ «ለእማማ የሰጠነው መልስ እውነት ነበር ወይስ ሐሰት?» ሲል ነገሩን አነሣው። ክርክሩ ጦፈ። ከፊሎቻችን «ጣራው አላፈሰሰም፤ ታዲያ ምን አጠፋን?» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ «እስካሁን ያልተገለበጠው ኃይለኛ ነፋስ ስላልመጣ ነው» አልን። በመጨረሻ የሕንፃ ምህንድስና የምንማረው አባላት ይህ ጥያቄ በእኛ የተጀመረ እንዳልሆነ፣ ፍሎሪዳ የተባለው የአሜሪካ ግዛትም በአንድ ሌሊት በብዙ ሺህ ጣራዎች የተፈተነበት መሆኑን ለጓደኞቻችን አስረዳን። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ያነበብነውንና የተወያየንበትን ነው በዚህ ጽሑፍ ለእናንተ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምናቀርበው።

ጥያቄያችን ሦስት ክፍል አለው። ሰው ለማያውቀው ሰው ደኅና ቤት እንዲሠራ የሚያደርገው ሕግ ነው ወይስ ኅሊና? ሕግ ነው ካልን፣ መንግሥት አንድን ሰው በገዛ ገንዘቡ በሚሠራው ቤት ላይ «እንዲህ አድርገህ ሥራ» ብሎ ሊያዘው ይገባልን? ይገባል ካልንስ፣ ድኻው ሕጉ የሚጠይቀውን መክፈል ሲያቅተው የት ይግባ? (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ፍሎሪዳ በአትላንቲክ ውቅያኖስና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መካከል እንደ ጣት ተዘርግታ የምትገኝ፣ መሬቷ ዝቅተኛና ሜዳማ የሆነ ግዛት ናት። በየዓመቱ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሃሪኬን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ከሞቃቱ ባሕር ላይ እየተነሣ ያሰጋታል። ይህ ነፋስ ቤትን የሚያፈርስበት መንገድ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ግድግዳውን በመግፋት ብቻ አይደለም። ነፋሱ በጣራው ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ጣራውን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ላይ ይስበዋል። አንድ መስኮት ወይም በር ከተሰበረ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ቤቱን እንደ ፊኛ ይነፋዋል፤ ጣራው በዚህን ጊዜ ከላይ እየተሳበ ከታች ይገፋል። የነፋሱ ጉልበትም ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አያድግም። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ባለ አገር የቤት ጥንካሬ እንደ ሰንሰለት ነው። የጣራው ሳንቃ ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው፣ ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር መታሰር አለበት። ከእነዚህ መካከል አንዱ ማሰሪያ ከላላ የሌሎቹ ጥንካሬ ከንቱ ነው። ማሰሪያውም ብዙውን ጊዜ ትንሽና ርካሽ ነገር ነው፤ ምስማር ወይም ከላሜራ የተቆረጠ ብረት።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 1992 ሊነጋጋ ሲል አንድሩ የተባለው ሃሪኬን በሰዓት 265 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነፈሰ በደቡብ ፍሎሪዳ፣ በዚያን ጊዜ ዴድ ዛሬ ማያሚ ዴድ ተብሎ በሚጠራው አውራጃ ላይ ወረደ። ሆምስቴድና ፍሎሪዳ ሲቲ የተባሉት ከተሞችና በዙሪያቸው የነበሩት አዳዲስ ሠፈሮች ተደመሰሱ። ከ25,000 በላይ ቤቶች ፈጽመው ወደሙ፤ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሌሎች ተጎዱ። በባሃማስና በሉዊዚያና የሞቱት ሲጨመሩ 65 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የጠፋው ንብረት ወደ 27 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቶ እስከዚያን ጊዜ ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ከደረሱት የነፋስ አደጋዎች ሁሉ በውድነቱ የመጀመሪያ ሆነ። በርካታ የመድን ድርጅቶችም ካሣውን መክፈል አቅቷቸው ፈረሱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልንመለከተው የሚገባ ነገር አለ። ዴድ ሕግ አልባ አገር አልነበረም። ከ1957 ጀምሮ የደቡብ ፍሎሪዳ የሕንፃ ደንብ የሚባል ሕግ ነበረው፤ ያም ሕግ በአሜሪካ ከነበሩት ሁሉ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው ተብሎ ይመሰገን ነበር። ነፋሱ ጣራውን ገልጦ የቤቶቹን ውስጥ ባሳየ ጊዜ ግን የተገኘው ሌላ ነበር። የጣራው ሳንቃ በበቂ ምስማር መመታት ሲኖርበት፣ በብዙ ቤቶች ላይ በአየር ግፊት በሚሠራ መሣሪያ ቶሎ ቶሎ በሚተኮስ ቀጭን የሽቦ ማያያዣ ነበር የተያዘው። ከዚህም የባሰው፣ ብዙው ማያያዣ ወራጁን ስቶ ከጎኑ በባዶው አየር ላይ ተንጠልጥሎ መገኘቱ ነው። ሳንቃው በወራጁ ላይ ያረፈ ይመስላል እንጂ አልተያዘም ነበር። ግድግዳውን ከጣራው ጋር ማያያዝ የነበረባቸው የብረት ማሰሪያዎች በአንዳንድ ስፍራ ጭራሽ አልነበሩም፤ ወይም ነበሩና አልተመቱም። የሚያስገርመው፣ በአሮጌዎቹ ሠፈሮች ብዙ ቤቶች ቆመው ሲቀሩ በቅርብ ዓመታት የተሠሩት አዳዲሶቹ ይበልጥ ተጎድተው መገኘታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ በአውራጃው የተቀመጠው ግራንድ ጁሪ፣ ማለት ዜጎች የሚገኙበት መርማሪ ሸንጎ፣ ጉዳዩን መርምሮ የቤት አሠራር ቁጥጥሩ ልል እንደ ነበር በዚያው በ1992 መጨረሻ ገለጸ። «ማያሚ ሄራልድ» የተባለው ጋዜጣም የላላው ቁጥጥርና የተዳከመው ደንብ ለጥፋቱ ምን ያህል እንዳገዘ አጋልጦ በመጻፉ በ1993 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ቤት በብዛት ይሠራ ነበር፤ ተቆጣጣሪዎቹ ግን ጥቂቶች ነበሩ። በቀን ብዙ ቤት አይቶ መፈረም ያለበት ሰው ወደ ጣራ ወጥቶ ምስማር ሊቆጥር አይችልም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ለመሆኑ በዚህ ጥፋት ኃጢአተኛው ማን ነበር? እኛ ስንወያይ በመጀመሪያ «ሠራተኛው ነው» አልን። ነገር ግን ሠራተኛው ማንንም ለመግደል አላሰበም። የሚከፈለው በሠራው መጠን ስለ ሆነ ይቸኩላል፤ ማያያዣው ወራጁን ሲስት እጁ ይሰማዋል፤ ይሁንና «አንዱ ቢስት ሌላው ይይዘዋል» ብሎ ያልፋል። ተቋራጩ «ተቆጣጣሪው ካለፈው እኔ ምን ቸገረኝ» ይላል። ተቆጣጣሪው «ተቋራጩ የታወቀ ነው፤ አያጭበረብርም» ይላል። ሹሙ «ቤት ቶሎ ይሠራ እየተባልኩ ሥራ አስተጓጎለ አልባል» ይላል። ገዢው ደግሞ የወጥ ቤቱን ማማርና የወለሉን ንጣፍ አይቶ ይፈርማል። እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ብቻ ነው ያጎደለው። እያንዳንዱም ከእሱ በኋላ ባለው ሰው ተማምኖ ነው ያጎደለው። ትናንሾቹ ጉድለቶች ተሰብስበው በአንድ ሌሊት ጣራ አነሡ።

እኛም በእማማ ጣራ ላይ ያደረግነው ይኸው ነው። ልዩነቱ የነፋሱ መጠን ነው እንጂ የሥራችን ዐይነት አይደለም።

ከዚህ ተነሥተን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። አንዳንዶቻችን «እንግዲህ ነገሩ የኅሊና ጉዳይ ነው፤ ሰው ቅን ከሆነ ሕግ አያስፈልገውም» ብለን ነበር። ይህ አባባል ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ይረሳል። አንደኛ፣ ቤት ከሌላው ዕቃ ይለያል። ጫማ የገዛ ሰው ጫማው መጥፎ ከሆነ በሳምንቱ ያውቃል፤ ሁለተኛ ከዚያ ሱቅ አይገዛም። የጣራን ድካም ግን ገዢው ለሃያ ዓመት ላያውቀው ይችላል። በሚያውቅበት ቀን ደግሞ ትምህርቱ አይጠቅመውም። ሁለተኛ፣ ሕግ በሌለበት ቦታ የሚጎዳው ቅኑ ሠሪ ነው። በቂ ምስማር የሚመታ፣ ማሰሪያውን በሙሉ የሚያስር፣ ሠራተኛውን የማያጣድፍ ተቋራጭ ዋጋው ከፍ ይላል። ገዢው ልዩነቱን ማየት ስለማይችል ወደ ርካሹ ይሄዳል። ስለዚህ ቅን የሆነው ወይ ሥራውን ይተዋል፤ ወይ እንደ ሌላው መሆን ይለምዳል። ሁሉንም በእኩል የሚያስገድድ ሕግ ሲኖር ግን ቅንነት ለኪሳራ አይዳርግም። ሕግ ክፉውን የሚቀጣ ብቻ ሳይሆን ደጉ ደግ ሆኖ እንዲኖር የሚረዳም ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

የቤት አሠራር ሕግ ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም። ከሦስት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በፊት ገደማ በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ ባወጣው ሕግ ውስጥ፣ አንድ ሠሪ አሳንሶ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን ቢገድል ሠሪው እንዲገደል ተደንግጓል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ደግሞ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ እንዳይሞትና ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። ሁለቱን ሕጎች ስናስተያይ ልዩነታቸው ጎልቶ ይታያል። የመጀመሪያው ሬሳ ከወጣ በኋላ ይመጣል፤ ሁለተኛው ገና ማንም ሳይወድቅ ይናገራል። የመጀመሪያው ስለ በቀል ነው፤ ሁለተኛው በጣራው ላይ ማን እንደሚወጣ እንኳ ገና ስለማይታወቅ ሰው ማሰብ ነው። ምናልባት እንግዳ ነው፤ ምናልባት ያልተወለደ ልጅ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ፍሎሪዳ ግን አስቀድማ ሳይሆን ከተቃጠለች በኋላ ነበር የነቃችው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ቢባልባትም ያ ጩኸት ለሚቀጥለው ጅብ ጠቅሟል። ዴድ አውራጃ ደንቡን በ1994 አጠበቀ። በግዛቲቱ በሙሉ ከ400 በላይ የሚሆኑ የአካባቢ አስተዳደሮችና መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸውን ደንብ በየራሳቸው መንገድ ሲያስፈጽሙ ከኖሩ በኋላ፣ በ1998 የግዛቲቱ ምክር ቤት አንድ ወጥ ደንብ እንዲኖር ወሰነ። የፍሎሪዳ የሕንፃ ደንብ የሚባለውም መጋቢት 1 ቀን 2002 በመላው ግዛት ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ከነፋሱ የተማሩትን እየጨመሩበት ይሄዳሉ ማለት ነው።

ደንቡ ምን ያህል ወደ ዝርዝር እንደሚገባ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንስጥ። በማያሚ ዴድና በብሮዋርድ አውራጃዎች በዝቅተኛው የሕንፃ ክፍል ላይ የሚገጠም መስኮት ወይም መዝጊያ በቅድሚያ ይፈተናል። አራት ኪሎ ግራም የሚመዝን አጣና በመድፍ መሰል መሣሪያ በሴኮንድ 15 ሜትር ፍጥነት ይተኮስበታል። ከዚያ በሺህዎች ለሚቆጠር ጊዜ በአየር ግፊት ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ይህን ችሎ ካልተቀደደ ብቻ ይገጠማል። አጣናው ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከጎረቤት ነው። በነፋስ ጊዜ መስኮት የሚሰብረው በአብዛኛው ከሌላ ሰው ጣራ ተነቅሎ የሚበር እንጨትና ሸክላ ነውና።

ይህ ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ይረዳናል። «ቤቴ የራሴ ነው፤ ገንዘቡም የራሴ ነው፤ ጣራዬ ቢሄድ የምጎዳው እኔ፤ መንግሥትን ምን አገባው?» የሚል ሰው አለ። ይህ ሰው ፍጹም ሞኝ አይደለም። መንግሥት በሰው ጓዳ ውስጥ ገብቶ ሁሉን ነገር ልዘዝ ቢል ለማንም አይበጅም። ይሁን እንጂ ስለ ጣራው የተናገረው እውነት አይደለም። የእሱ ጣራ የሚያርፈው በጎረቤቱ መስኮት ላይ ነው። የጎረቤቱ መስኮት ሲሰበር የጎረቤቱ ጣራ ይነሣል፤ ያም ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። ከፍርስራሹ ውስጥ ሊያወጣው የሚመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕይወት የእሱ አይደለም። የመድን ድርጅት ካሣውን የሚከፍለው ከሌሎች በሰበሰበው ገንዘብ ነው። በዚያ ጣራ ሥር የሚተኙት ልጆቹም ምስማሩን አልመረጡም። ቤት ከሠሪው ዕድሜ በላይ ስለሚቆይም ነገ የሚኖርበት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በራሱ ቦታ ላይ በራሱ ገንዘብ ቢሠራም ቤቱ ሙሉ በሙሉ የግል ጉዳዩ አይደለም።

ሕጉ በእርግጥ ጠቀመ ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በነሐሴ 2004 ቻርሊ የተባለው ሃሪኬን ፑንታ ጎርዳ በምትባለው ከተማ በኩል ሲያልፍ መልስ ተገኘ። የመድን ድርጅቶች የጥናት ተቋም በሻርሎት አውራጃ ባደረገው ጥናት፣ የተሻሻለው ደንብ ከተያዘበት ከ1996 በኋላ የተሠሩት ቤቶች ከቀደሙት ይልቅ ካሣ የተጠየቀባቸው በ60 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ በተጠየቀባቸውም ላይ የጉዳቱ መጠን በ42 በመቶ አነስ ብሎ ታየ። እነዚህ ቁጥሮች በጀርባቸው የሰው ቤት አለ። እናት ልጆቿን በመታጠቢያ ቤት ውስጥ አቅፋ ስትጠባበቅ ጣራው ሳይነሣ ያደረባቸው ሌሊቶች ናቸው።

ሆኖም ሰው ከአንድ መከራ የሚማረው ለዚያው መከራ ለደረሰበት ቦታ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። አዲሱ ደንብ ሲወጣ በግዛቲቱ ሰሜን ምዕራብ ለሚገኘው የባሕር ዳርቻ ልዩ አስተያየት ተደረገለት። በሚበር ፍርስራሽ የሚሰበር መስኮትን ስለ መከላከል የወጣው ግዴታ በዚያ አካባቢ ከባሕሩ አንድ ማይል ያህል ርቀት ውስጥ ባለው ቦታ ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። የቀረበው ምክንያት ወጪው መብዛቱና እንዲያ ያለ ነፋስ እዚያ አለመለመዱ ነበር። ይህ አስተያየት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሻረ፤ እስከዚያ ግን ብዙ ቤት ተሠርቷል። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ማይክል የተባለው ሃሪኬን በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነፈሰ ሜክሲኮ ቢች በምትባል ትንሽ ከተማ በኩል በዚያው አካባቢ ላይ ገባ። ከተማዪቱ ከሞላ ጎደል ጠፋች። በባሕሩ ዳር በዚያው ዓመት ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ተጠንክሮ የተሠራ አንድ ቤት ግን ዙሪያው ሁሉ ሜዳ ሲሆን ቆሞ ታየ። በጸጥታ ቀን ያ ቤትና ጎረቤቶቹ ተመሳሳይ ነበሩ። በአሸዋና በዐለት ላይ ስለ ተሠሩት ሁለት ቤቶች በወንጌል የተነገረውን ያነበበ ሁሉ ይህን ያስተውላል፤ ቤቶቹ የተለያዩት ጎርፉና ነፋሱ ሲመጣ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛውና እጅግ ወደ ከበደን ጥያቄ ደርሰናል። በውይይታችን ላይ ከእኅቶቻችን አንዷ «ጠንካራ ቤት መሥራት የሚችል ይሥራ፤ የማይችለውስ?» ብላ ስትጠይቅ ሁላችንም ዝም አልን።

በፍሎሪዳ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ በፋብሪካ ተሠርተው በጎማ እየተጎተቱ የሚመጡ፣ ተንቀሳቃሽ የሚባሉ ቤቶች አሉ። በነዚህ የሚኖሩት በአብዛኛው ጡረተኞች፣ የእርሻ ሠራተኞችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በእነዚህ ቤቶች አሠራር ላይ የሚሠራው የግዛቲቱ ደንብ ሳይሆን ከ1976 ጀምሮ የወጣ የማዕከላዊው መንግሥት ደንብ ነው። አንድሩ ባለፈበት መንገድ ላይ የነበሩት ሁሉም ለማለት ይቻላል ጠፉ። ከዚያ በኋላ በ1994 ደንቡ ጠበቀ፤ አዲሶቹም ከቀድሞዎቹ የተሻሉ ሆኑ። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ሰው ይኖርባቸዋል። ነፋስ ሲመጣ ለነዚህ ሰዎች የሚሰጣቸው ምክር አንድ ነው፤ ቤታችሁን ትታችሁ ውጡ።

በመስከረም 2022 ኢያን የተባለው ሃሪኬን ፎርት ማየርስ ቢችን በነፋስና በባሕር ማዕበል ባጠበ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ታየ። የጎርፍ መድንን የሚመለከተው የማዕከላዊው መንግሥት ደንብ፣ የተጎዳ ቤት የጥገናው ወጪ ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ ቤቱ በአዲሱ ደንብ መሠረት ከፍ ብሎ እንዲሠራ ያዛል። ደንቡ ትክክል ነው፤ ዝቅ ብሎ የተሠራው ተመልሶ ዝቅ ብሎ ከተሠራ ማዕበሉ ተመልሶ ይወስደዋልና። ነገር ግን ለሠላሳ ዓመት በትንሽ ቤቱ የኖረ ሰው ያን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? ብዙዎች መሬታቸውን ሸጠው ሄዱ፤ በቦታቸውም መክፈል የሚችል መጣ። ቤቱ ጠነከረ፤ ጎረቤቱ ግን ተለወጠ።

ሌላም አለ። ሰኔ 24 ቀን 2021 ሌሊት ሰርፍሳይድ በምትባል ከተማ ባለ 12 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ነፋስ ሳይነካው ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ኮንክሪቱ ክፉኛ መጎዳቱን አንድ መሐንዲስ በ2018 ጽፎ አስታውቆ ነበር፤ ለጥገናው የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ ስለ ነበር ነዋሪዎቹ በክርክር ጊዜ አለፈባቸው። በ2022 የወጣው ሕግ ሦስትና ከዚያ በላይ ፎቅ ያላቸው የጋራ መኖሪያዎች ሲያረጁ እንዲመረመሩና ለጥገና ገንዘብ እንዲያስቀምጡ አዘዘ። ሕጉ ሕይወት ያድናል። በጡረታ የሚኖሩ አንዳንድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን የሚጠየቁትን መዋጮ መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን ለመሸጥ ተገደዋል።

እንግዲህ ምን እንበል? ከመካከላችን ጥቂቶች «ለድኻው ሕጉ ይላላለት» አሉ። ነገሩን ደጋግመን ስንመረምረው ግን ይህ ርኅራኄ እንዳልሆነ ተረዳን። ነፋስ የሰው ኪስ አይቶ አያልፍም። ለድኻ የላላ ምስማር መፍቀድ፣ ዛሬ በገንዘብ ያልከፈለውን ነገ በሕይወቱ እንዲከፍል መፍቀድ ነው። በሌላ በኩል ሕጉን አጥብቆ ወጪውን ለብቻው በድኻው ትከሻ ላይ መጣል ከሕጉ ጥላ ውጭ ማውጣት ነው፤ ሰውየው ጠንካራ ቤት አያገኝም፤ ደካማ ቤቱን ያጣል፤ ወይም ማንም ወደማያየው ወደ ባሰ ይሄዳል። ስለዚህ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው፦ ሕጉ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ሸክሙ ግን በሁሉም ላይ ይከፈል። ማኅበረሰቡ አንድን ሰው «ለእኔም ለአንተም ደኅንነት ሲባል ጣራህን አጠንክር» ብሎ የማዘዝ መብት ካለው፣ አቅም ሲያንሰው የማገዝ ግዴታም አለበት። ማዘዙ ያለ ማገዙ ግማሽ ፍትሕ ነው።

ፍሎሪዳም ይህን በመጠኑ ሞክራለች። በ2006 ተጀምሮ ከተቋረጠ በኋላ በ2022 እንደገና በተነሣ አንድ የእርዳታ ፕሮግራም፣ ግዛቲቱ የቤት ባለቤቶች ጣራና መስኮታቸውን እንዲያጠነክሩ እስከ 10,000 ዶላር ትሰጣለች፤ ባለቤቱ ለሚያወጣው ለእያንዳንዱ ዶላር ሁለት ዶላር ትጨምርለታለች፤ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ደግሞ መዋጮው ይቀርለታል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን የሚመደበው ገንዘብ ከጠያቂው ብዛት ጋር አይመጣጠንም፤ በተንቀሳቃሽ ቤት የሚኖረውም አይደርሰውም። በነፋስ ቀን ከሁሉ በፊት የሚጎዳው በእርዳታው ቀን ከሁሉ በኋላ መቅረቱ መታረም ያለበት ጉድለት ነው እንላለን።

በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሕግ ያስፈልጋል ብለናል። ይሁን እንጂ አንድሩ ያስተማረው ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ጭምር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ምስማር አለ። ተቆጣጣሪ ሁሉንም አይቆጥርም፤ ሊቆጥርም አይችልም። ሕግ የሚደርሰው ዐይን እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መዶሻውን በያዘው ሰው እጅ ነው። ሕግ የኅሊናን ቦታ አይተካም፤ ኅሊናም የሕግን። ሕግ ለማያውቀን ሰው ምን እንደሚገባ ይነግረናል፤ ያን ነገር ማንም በማያየን ቦታ የሚፈጽምልን ግን ኅሊናችን ነው። ይህም ለአናጢ ብቻ የተነገረ አይደለም። ማስታወሻ ደብተር የምታርመው መምህርት፣ መድኀኒት የሚመዝነው ፋርማሲስት፣ ሒሳብ የሚመዘግበው ጸሓፊ ሁሉም ከሽፋኑ ሥር የሚቀር ምስማር አላቸው።

ይህን ከተነጋገርን በኋላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምስማርና መሰላል ይዘን ወደ እማማ ቤት ሄድን። ያላጠናቀቅነው ነገር እንዳለና የሰጠናቸውም መልስ እውነት እንዳልነበረ ነገርናቸው። እንደምንገምተው አልተቆጡም። ቀና ብለው ጣራውን አዩና «እኔማ ከታች ሆኜ በምን ዐውቃለሁ፣ ልጆቼ?» አሉን።

ወጥተን የተደረበውን ቆርቆሮ አነሣን፤ የዘለልናቸውን ቦታዎች ቆጠርን። አርባ አንድ ነበሩ። ሁሉንም መታናቸው።